ጥርስ የማይነቅሉ የጥርስ ሐኪሞች፦ የኦራል ሜዲስን ስፔሻሊቲ ሥልጠና ምንድን ነው?

የጥርስ ሕክምና ተምሮ የጨረሰ ወጣት ሐኪም "ቀጥለህስ ምን ልትማር አሰብክ?" ሲባል የሚጠበቁት መልሶች ይታወቃሉ። ጥርስ ማስተካከል፣ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት ጥርስ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ። "ኦራል ሜዲስን" ያለ እንደሆነ ግን ጠያቂው ግራ ይገባዋል። አብረውት የተመረቁት ሳይቀሩ "እሱ ደግሞ ምን ይሠራል?" ማለታቸው አይቀርም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ ዘርፍ ስፔሻሊስት ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ አንድም ጥርስ ሳይነቅል፣ ሳይሞላ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ሥራው መጠየቅ፣ ማየት፣ መዳሰስ፣ ናሙና መውሰድ፣ መድኃኒት ማዘዝና በሽተኛውን ለዓመታት መከታተል ነው። ይህን ለመማር ከጥርስ ሕክምና ዲግሪው በኋላ እንደየአገሩ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይፈጃል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ።

## ኦራል ሜዲስን በአጭሩ ምንድን ነው?

በአፍ፣ በመንጋጋና በፊት አካባቢ የሚታዩ በሽታዎችን በቀዶ ሕክምና ሳይሆን በዋናነት በምርመራና በመድኃኒት የሚያክም የጥርስ ሕክምና ዘርፍ ነው። በሕክምናው ከቀዶ ሐኪሙ ጎን የውስጥ ደዌ ሐኪም እንዳለ ሁሉ፣ በጥርስ ሕክምናም ውስጥ ቢላ ከማንሳቱ በፊት "ይህ በሽታ ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ።

ወደዚህ ሐኪም የሚመጡት ሰዎች የተለያዩ ናቸው። አንዷ አፏ ውስጥ የማይድን ወይም እየዳነ የሚመለስ ቁስል አለባት። ሌላው ጉንጩ ውስጥ ነጭ ነገር ታይቶበታል። ሌላዋ ምላሷ ይቃጠላል፣ ግን ሲታይ ምንም የለም። አንዱ ምራቁ ደርቆ መዋጥ አቅቶታል። አንዱ ጥርሱን ያመኛል ይላል፣ ጥርሱ ግን ጤነኛ ነው። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ አፋቸው ሳይሆን ሌላው ሰውነታቸው የታመመ አሉ። ካንሰር እየታከሙ ያሉ፣ መቅኔ የተተከለላቸው፣ ደም አቅጣኝ የሚወስዱ፣ የልብ ቫልቭ የተቀየረላቸው። እነዚህ ሰዎች ጥርሳቸውን ሲታከሙ አደጋ እንዳይደርስባቸው የሚያቅድ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

አፍ በሕክምናው ዓለም በሁለት ጎረቤታሞች መካከል እንዳለ አጥር ነው። አጥሩ ሲፈርስ እያንዳንዱ ጎረቤት ያኛው ይጠግነዋል ብሎ ይጠብቃል። አጠቃላይ ሐኪሙ "አፍ የጥርስ ሐኪም ጉዳይ ነው" ይላል። የጥርስ ሐኪሙ "ይህማ የጥርስ ችግር አይደለም" ይላል። በሽተኛው በመሃል ይመላለሳል።

ይህ ክፍፍል ታሪክ አለው። በዓለም የመጀመሪያው ራሱን የቻለ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1840 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ነው። ከሕክምና ትምህርት ቤት ተነጥሎ የቆመ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ሁለቱ ሙያዎች የየራሳቸው ትምህርት ቤት፣ ፈቃድና መድን ይዘው ተለያይተው አደጉ። ጥርስ ለብቻው፣ የቀረው ሰውነት ለብቻው ሆነ። በሽታዎቹ ግን ይህን ድንበር አያውቁትም። የኦራል ሜዲስን ሥልጠና የተፈጠረው ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው።

## አጠቃላይ የጥርስ ሐኪም አይበቃም እንዴ?

ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። የአፍ ቁስል አብዛኛው በራሱ ይድናል። ችግሩ ያለው በቀሪዎቹ ላይ ነው። ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ነው። የፊትን ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ ሲታወክ የሚመጣ ሕመም ነው። እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ድንገት ይመታል፣ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜም ሆነ እስከ 2 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል። ፊት መታጠብ፣ ማኘክ፣ ነፋስ እንኳ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ልክ ከጥርስ የሚነሳ ይመስላል። በሽተኛው "ይቺን ጥርስ ንቀሉልኝ" ብሎ ይለምናል። ጥርሱ ይነቀላል። ሕመሙ አይሄድም። ቀጣዩ ይነቀላል። ጤነኛ ጥርሶቻቸውን ተራ በተራ አጥተው በመጨረሻ ትክክለኛው ቦታ የሚደርሱ ሰዎች በዓለም ዙሪያ አሉ። የበሽታው ዋና መድኃኒት ካርባማዜፒን የሚባል ክኒን ነው። ይህ ክኒን ግን ተጽፎ የሚረሳ አይደለም። ነጭ የደም ሴሎችን፣ የደም ሶዲየምንና ጉበትን ሊነካ ስለሚችል የደም ምርመራ ይፈልጋል። ኤችኤልኤ-ቢ 15፡02 የሚባል የዘር ምልክት ያላቸው ሰዎች ደግሞ ከወሰዱት ቆዳን የሚልጥ ከባድ አለርጂ ሊመጣባቸው ይችላል። ምልክቱ በተለይ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ተወላጆች ላይ ይበዛል። ስለዚህ ለእነሱ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ምርመራ ይመከራል። አንድ የጥርስ ሐኪም ይህን ሁሉ ያውቃል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ሁለተኛው ፔምፊገስ ቩልጋሪስ ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን ሴሎች የሚያያይዘውን ማጣበቂያ ሲያጠቃ የሚመጣ፣ ካልታከመ ሊገድል የሚችል በሽታ ነው። ቆዳ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል። ይሁንና ከግማሽ በላይ በሚሆኑት በሽተኞች የሚጀምረው አፍ ውስጥ ነው። ቆዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለወራት አፍ ውስጥ ብቻ ሊቆይ ይችላል። በእነዚያ ወራት በሽተኛው የሚሄደው ወደ ጥርስ ሐኪም ነው። ያ ሐኪም ከጠረጠረ በሽታው ቶሎ ይያዛል። ካልጠረጠረ አፍ መጉመጥመጫ ይዞ ይመለሳል።

ሦስተኛው ከመድኃኒት የሚመጣ የመንጋጋ አጥንት መሞት ነው። ለአጥንት መሳሳትና ወደ አጥንት ለተሰራጨ ካንሰር የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ቢስፎስፎኔት ከነዚህ ዋናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐኪሞች አንድ እንግዳ ነገር ሪፖርት አደረጉ። እነዚህን መድኃኒቶች የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች ጥርስ ከተነቀሉ በኋላ ቁስላቸው አልዘጋ ብሎ አጥንቱ ፈጦ ይቀራል። የጨረር ሕክምና መንጋጋው ላይ ሳይሰጥ አጥንቱ ከ8 ሳምንት በላይ ሳይሸፈን ከቆየ በሽታው ይህ ነው ይባላል። ለአጥንት መሳሳት በክኒን በሚወስዱት ላይ በጣም ብርቅ ነው። ለካንሰር በከፍተኛ መጠን በደም ሥር በሚወስዱት ላይ ግን በግልጽ ይበዛል። ስለዚህ አደጋውን የሚቀንሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ምን ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ከስንት ጊዜ ጀምሮ?" ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ሰምቶ "እንንቀል፣ አንንቀል፣ ካንሰር ሐኪሟን እናማክር" ብሎ መወሰኑ ነው ሥልጠና የሚጠይቀው።

## ከቀዶ ሐኪሙና ከፓቶሎጂስቱ በምን ይለያል?

ሦስቱን ማደባለቅ የተለመደ ነው።

የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያደርጋል፣ የተሰበረ መንጋጋ ይጠግናል፣ ዕጢ ያወጣል። የአፍ ፓቶሎጂስቱ የተቆረጠውን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቶ "ይህ እንዲህ የሚባል በሽታ ነው" ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሽተኛውን በአካል አያየውም። የኦራል ሜዲስን ስፔሻሊስቱ ናሙና ከመወሰዱ በፊትም ከተወሰደ በኋላም ከበሽተኛው ጋር ያለው ሰው ነው። ከየት ቦታ ናሙና እንደሚወሰድ ይመርጣል፣ ውጤቱን ከምልክቱ ጋር ያገናዝባል፣ መድኃኒቱን ይጀምራል፣ ከስድስት ወር በኋላም ያው በሽተኛ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እሱ ነው።

የፊት ሕመም ብቻ የሚያክም "ኦሮፌሻል ፔይን" የሚባል ዘርፍም አለ። በአሜሪካ ሁለቱም ለየብቻ እ.ኤ.አ. በ2020 በስፔሻሊቲነት ዕውቅና አግኝተዋል። ሥራቸው ይነካካል። ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ያለበት ሰው ወደ አንዱም ወደ ሌላውም ቢሄድ ትክክል ነው።

በሕንድ ደግሞ ኦራል ሜዲስን ከራዲዮሎጂ፣ ማለትም ከራጅ ንባብ ጋር ተጣምሮ ነው የሚሰጠው። እዚያ የተማረ ሐኪም ቁስሉንም ይመረምራል፣ የመንጋጋ ራጅና ሲቲ ስካንም ያነባል። በሌሎች ብዙ አገሮች ሁለቱ ተለያይተዋል። ስለዚህ "ኦራል ሜዲስን ተምሬአለሁ" የሚል ሰው ከየት አገር እንደተማረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

## ማን ይገባል?

መነሻው የጥርስ ሕክምና ዲግሪና የሙያ ፈቃድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ይለያያል። በሕንድ ለድኅረ ምረቃ የጥርስ ሕክምና ኒት-ኤምዲኤስ የሚባል አገር አቀፍ ፈተና አለ፤ ቦታ የሚገኘው በውጤት ነው። በአውስትራሊያ በስፔሻሊስትነት ለመመዝገብ ቢያንስ 2 ዓመት በአጠቃላይ የጥርስ ሕክምና መሥራት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ፕሮግራሞቹ ውጤት፣ የድጋፍ ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ ይመለከታሉ። አስቀድሞ ሆስፒታል ውስጥ ለአንድ ዓመት ሬዚደንት (በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) ሆኖ የሠራ ሰውም ጥሩ መነሻ አለው።

ቦታው ጥቂት ነው። ጥርስ ማስተካከልን የሚያስተምሩ ፕሮግራሞች በየአገሩ ብዙ ናቸው። ኦራል ሜዲስንን የሚያስተምሩት ግን ጥቂት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሲሆኑ በዓመት የሚቀበሉትም በጣት የሚቆጠር ነው። አመልካቹም በዚያው ልክ ጥቂት ነው። ስለዘርፉ ሳይሰሙ የሚመረቁ ስለሚበዙ ማለት ነው።

## ሥልጠናው ውስጥ ምን ይሠራል?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ መጠየቅ ይማራል። ይህ ያስቃል፤ ጥርስ ሐኪም የሆነ ሰው መጠየቅ አያውቅም እንዴ? ያውቃል። ግን የለመደው "የትኛው ጥርስ ነው? ከመቼ ጀምሮ? ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ?" የሚለውን ነው። አዲሱ ሬዚደንት የአፍ ቁስል እየተመላለሰ የሚያስቸግረውን ወጣት "ዓይንህ ቀልቶ ያውቃል? ብልትህ ላይ ቁስል ወጥቶ ያውቃል? መገጣጠሚያህን ያምሃል? ተቅማጥ አለ?" ብሎ መጠየቅ አለበት። በሽተኛው ይገረማል፣ ሊቆጣም ይችላል። "ለአፌ መጥቼ ስለ ዓይኔ ምን አገባህ?" ምክንያቱ ቤኼት የሚባል በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 በገለጸው ቱርካዊ የቆዳ ሐኪም ሁሉሲ ቤኼት ስም የተጠራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአፍ ቁስል ነው፤ ዓይን ላይ ከደረሰና ካልታከመ ግን ሊያሳውር ይችላል። ተቅማጡ ደግሞ የአንጀት በሽታ እንዳለ ሊጠቁም ይችላል። ሬዚደንቱ ከአንድ ቁስል ተነስቶ ስለ ሙሉ ሰውነት እንዲያስብ ይሠለጥናል። ሲኒየሩ፣ ማለትም የበላይ ሐኪሙ፣ "ጠይቀኸዋል?" ሲለው "አልጠየቅኩትም" ካለ ተመልሶ ይገባል።

ቀጥሎ ማየትና መዳሰስ አለ። ምላስን በጨርቅ ይዞ ጎትቶ ጎኑን ማየት። ከምላስ ሥር ያለውን ወለል በሁለት እጅ መዳሰስ። አንገት ላይ ንፍፊት መፈለግ። የምላስ ጎንና የምላስ ሥር የአፍ ካንሰር የሚወድዳቸው ቦታዎች ስለሆኑ መዝለል አይቻልም። በሁለቱም ጉንጮች ውስጥ ዳንቴል የመሰለ ነጭ መስመር ካየ ላይከን ፕላነስን ይጠረጥራል፤ የሰውነት መከላከያ የአፍን ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ሽፋን ካየ ሌላ ያስባል። ሲፈቅ የሚለቅ ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት በሥዕል ይጠናል፤ ዓይን የሚለምደው ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ አፎችን ካየ በኋላ ነው።

ከዚያ ናሙና መውሰድ። ከአፍ ውስጥ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ መስፋት በራሱ ከባድ አይደለም፤ የጥርስ ሐኪም እጅ የለመደ ነው። የሚከብደው ከየት እንደሚቆረጥ መምረጡ ነው። ሰፊ ነጭ ሽፋን ካለ ይበልጥ የቀላው፣ የሻከረው ወይም የጠነከረው ቦታ መመረጥ አለበት። ከተሳሳተ ቦታ ከተወሰደ ፓቶሎጂስቱ "ካንሰር የለም" ይላል፤ ካንሰሩ ግን ከጎኑ ቁጭ ብሏል። ሌላም ወጥመድ አለ። መደበኛው ናሙና ፎርማሊን የሚባል እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። እንደ ፔምፊገስ ያሉትን ለመለየት የሚወሰደው ሁለተኛ ናሙና ግን ፎርማሊን ከነካው ለምርመራው አይሆንም፤ የራሱ የሆነ ፈሳሽ አለው። የሚወሰደውም ከቁስሉ መሃል ሳይሆን ከአጠገቡ ካለው ጤነኛ ከሚመስለው ሥጋ ነው። ይህን ያላወቀ ሐኪም በሽተኛዋን ሁለት ጊዜ ያስቆርጣታል።

ምራቅ መለካትም አለ። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ምራቅ ያመነጫል። "አፌ ደረቀ" ያለች በሽተኛ በመለኪያ ዕቃ ውስጥ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ምራቋን ታጠራቅማለች። ሳይቀሰቀስ የሚፈሰው በደቂቃ ከ0.1 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ በእርግጥም ቀንሷል። ያኔ ጥያቄው "ለምን?" ይሆናል። ብዙ ጊዜ ተጠያቂው መድኃኒት ነው፤ ለድብርት፣ ለአለርጂ፣ ለፊኛ የሚወሰዱ ብዙ መድኃኒቶች ምራቅ ያደርቃሉ። አንዳንዴ ግን ሾግረን የሚባለው በሽታ ይሆናል። እሱም የሰውነት መከላከያ የምራቅና የእንባ ዕጢዎችን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ለማረጋገጥ ከታችኛው ከንፈር ውስጥ ጥቃቅን የምራቅ ዕጢዎች ይወሰዳሉ። ይህን የሚሠራው ብዙ ጊዜ የኦራል ሜዲስን ሐኪም ነው።

አንዳንዱ ትምህርት ደግሞ ምንም የሚታይ ነገር የሌለው ነው። "በርኒንግ ማውዝ ሲንድሮም" በየቀኑ ከ2 ሰዓት በላይ፣ ከ3 ወር በላይ የሚቆይ የአፍ መቃጠል ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ከማረጥ በኋላ ያሉ ሴቶች ናቸው። አፋቸው ሲታይ ጤነኛ ነው። ብዙዎቹ ከመምጣታቸው በፊት "ምንም የለብሽም" ተብለው ተመልሰዋል። ሬዚደንቱ የደም ማነስን፣ የቫይታሚን እጥረትን፣ ስኳርን፣ ፈንገስን አንድ በአንድ ካስወገደ በኋላ "ሕመምሽ እውነት ነው፣ ስምም አለው" ማለት ይማራል። በእኔ አመለካከት ከመላው ሥልጠና ትልቁ ትምህርት ይህ ሳይሆን አይቀርም። በፈተና ግን ሊለካ አይችልም።

## ሆስፒታሉ ውስጥስ?

ሥልጠናውን ከሌሎቹ የጥርስ ስፔሻሊቲዎች የሚለየው ሌላው ነገር ሬዚደንቱ ከጥርስ ክሊኒክ ወጥቶ በሌሎች ክፍሎች መዞሩ ነው። ውስጥ ደዌ፣ ቆዳ፣ ከአንገት በላይ፣ ካንሰር፣ ነርቭ፣ የመገጣጠሚያ በሽታ፣ ደም። በየክፍሉ ሳምንታት ይቆያል። ራውንድ፣ ማለትም የተኙ በሽተኞችን እየዞሩ ማየት፣ አብሮ ይወጣል። የላብራቶሪ ውጤት ማንበብ ይማራል። መጀመሪያ ላይ ከሐኪሞቹ መሃል እንግዳ ይሆናል፤ "አንተ ጥርስ አይደለህም እንዴ?" ይባላል። በኋላ አፍ ያመመው በሽተኛ ሲገኝ የሚጠሩት እሱን ነው።

ጥሪው ኮንሰልት ይባላል። ከተኛ በሽተኛ አልጋ ድረስ ሄዶ ማየት ነው። የካንሰር ክፍሉ "ነገ ሳምንት ጨረር ልንጀምር ነው፣ ጥርሶቹን እዩልን" ይላል። ይህ ጥሪ የቀጠሮ ጉዳይ ነው። አንገትና መንጋጋ ላይ ጨረር ካረፈ በኋላ ጥርስ መንቀል አጥንቱን ሊገድል ስለሚችል፣ መነቀል ያለበት ጥርስ ቀድሞ ተነቅሎ ቁስሉ እንዲድን ቢቻል 2 ሳምንት ያህል ይፈለጋል። ካንሰሩ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ የትኛው ጥርስ ይነቀል፣ የትኛው ይትረፍ የሚለውን በአንድ ቀን መወሰን ያስፈልጋል። የደም ክፍሉ "መቅኔ የተተከለለት ልጅ አፉ ተልጦ መብላት አቃተው" ይላል። የልብ ክፍሉ "ዋርፋሪን የሚባል ደም አቅጣኝ ላይ ያለ ሰው ጥርስ ሊነቀል ነው፣ መድኃኒቱን እናቁመው?" ይላል። በዚህኛው ላይ የቆየው ልማድ ማቆም ነበር። አሁን ብዙ መመሪያዎች አይ ኤን አር የሚባለው የደም መርጋት መለኪያ ከ4 በታች ከሆነ ሳይቆም በጥንቃቄ መንቀል ይቻላል ይላሉ፤ መድኃኒቱ ቆሞ ስትሮክ ቢመጣ ከድድ መድማት እጅግ የከፋ ነውና።

መድኃኒት ማዘዝም ለጥርስ ሐኪም አዲስ ዓለም ነው። አንቲባዮቲክና ሕመም ማስታገሻ ከማዘዝ ተነስቶ ስቴሮይድና የሰውነት መከላከያን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ላይ ይደርሳል። ስቴሮይድ አፍ መጉመጥመጫ ላይከን ፕላነስን ያስታግሳል፤ በዚያው ፈንገስ ያመጣል። በክኒን ሲሰጥ ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። እንደ አዛታዮፕሪን ያለው ደግሞ ከመጀመሩ በፊትም ከተጀመረ በኋላም የደም ምርመራ ይፈልጋል። አንድ መድኃኒት ባዘዘ ቁጥር ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚከታተል አብሮ መጻፍ አለበት።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ምርምር አለ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ዲግሪ አብረው ስለሚሰጡ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠይቃሉ። ቀን ክሊኒክ፣ ማታ ጽሑፍ። የሆስፒታል ተረኛነቱም ሳይረሳ።

## ስንት ዓመት ይፈጃል? በምንስ ያበቃል?

በአሜሪካ ዝቅተኛው 2 ዓመት ነው። ማስተርስ የሚጨምሩት ወደ 3 ይወስዱታል። በሕንድ 3 ዓመት ነው፤ ዲግሪው ኤምዲኤስ ይባላል። በአውስትራሊያም 3 ዓመት ሲሆን ክሊኒካል ዶክትሬት ያስገኛል። በብሪታንያ ዘርፉ ለሕክምናው ይበልጥ ይቀርባል። በአንድ ወቅት ስፔሻሊስቶቹ የጥርስ ሕክምናም የሕክምናም ዲግሪ እንዲይዙ ይጠበቅ ነበር። በኋላ የጥርስ ዲግሪ ብቻ ላላቸውም ተከፈተ፤ እነሱ ግን በተለምዶ 5 ዓመት ሲሠለጥኑ ሁለቱንም ያላቸው በ3 ይጨርሳሉ።

መጨረሻው ፈተና ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ የኦራል ሜዲስን ቦርድ የጽሑፍና የቃል ፈተና አለው። በቃል ፈተናው ፈታኞቹ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ያቀርቡና "ቀጥሎ ምን ታደርጋለህ? ለምን?" ይላሉ። ፕሮግራሙን መጨረስና ቦርድ ማለፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በየአገሩም "ስፔሻሊስት" ብሎ ለመጠራት የሚያበቃው ሕግ ይለያያል። በአንዱ አገር የተገኘ ማዕረግ በሌላው አገር በቀጥታ ላይሠራ ይችላል። ወደ ውጭ ሄዶ ለመማር ያሰበ ሰው ከማመልከቱ በፊት ሊሠራ ያሰበበት አገር የሙያ ፈቃድ ሰጪ አካል ዲግሪውን ይቀበል እንደሆነ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

## ገንዘቡስ?

በግልጽ እንነጋገር። ጥርስ ማስተካከልና ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) የሚሠራ ሐኪም በአብዛኛው የተሻለ ያገኛል። የጥርስ ሕክምና ክፍያ የተመሠረተው በተሠራ ነገር ላይ ነው፤ ይህን ያህል ሙሌት፣ ይህን ያህል የጥርስ ዘውድ (ጥርስን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ)። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ፣ የስድስት ወር ክትትል በዚያ ዝርዝር ላይ ቦታ የለውም፤ ካለውም ትንሽ ነው። በሽታው አፍ ውስጥ ስለሆነ የሕክምና መድን "ይህ የጥርስ ነው" ሊል ይችላል፤ የጥርስ መድኑም "ይህ የሕክምና ነው"። አሁንም የአጥሩ ነገር።

ስለዚህ የዘርፉ ሐኪሞች የሚበዙት በዩኒቨርሲቲዎች፣ በትልልቅ ሆስፒታሎችና በካንሰር ማዕከሎች ነው። የግል ክሊኒክ የከፈቱም አሉ፤ ብዙዎቹ አጠቃላይ የጥርስ ሕክምናን ጨምረው ይሠራሉ። ቶሎ ሀብታም መሆን የሚፈልግ ሰው ይህን መንገድ ባይመርጥ ይሻላል።

## እኔ ታካሚ ነኝ፤ መቼ ነው ይህን ሐኪም የምፈልገው?

በቀጥታ መሄድ የሚቻልባቸው ቦታዎች አሉ፤ በአብዛኛው ግን የሚላከው በጥርስ ሐኪም ወይም በሐኪም ነው። ለመላክ ደግሞ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ቀላል መለኪያ አለ። ተራ የአፍ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይድናል። 2 ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል፣ በተለይ የማያምና ጠርዙ የጠነከረ ከሆነ፣ መታየት አለበት። አለማመሙ አያዘናጋ፤ የአፍ ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ከ380 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ አዲስ የአፍና የከንፈር ካንሰር እንደተገኘ ይገመታል። ትንባሆና አልኮል ዋነኞቹ አጋላጮች ናቸው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አደጋው ይብሳል።

ከቁስሉ ሌላ ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ነገር፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የከንፈር ወይም የአገጭ መደንዘዝ፣ ጥርስ ተነቅሎም ያልሄደ ሕመም፣ ለወራት የቆየ የአፍ ድርቀት ወይም መቃጠል፣ ከአንዴ በላይ የተመላለሰ የድድ መላጥ ካለ "ስፔሻሊስት ይየኝ" ማለት መብት ነው። ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የቆመውንም ጨምሮ፣ ጽፈው ይያዙ። ቁስሉ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ በወጣበት ቀን በስልክ ፎቶ ያንሱት። ቀጠሮው በደረሰበት ቀን ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና።